አስታዋሹ

በምድር ባቡር ክበብ፣ ከመጋረጃው ጥግ፣
ሥራዬ ሹክ ማለት፣ ተዋናይ ቃል ሲጠፋው ቃሉን መፈለግ።
ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ሲጋመስ፣
ጅጅጋ የሄደው ጦር ገና ሳይመለስ፣
ጋሽ ጥላዬ ጻፈ የድሮ ሐረር ወሬ፤
ሦስት ጊዜ ከለሰው የከፍተኛው ካድሬ።

ወሬው እንዲህ ነበር፦ የኤረርን በር ከፍቶ
ጠላት አስገባ የተባለ፣ የፊጥኝ ታስሮ መጥቶ፣
አስካለ ሰይፍ አንሥታ ለውዷ ታቀብላለች፤
«ከወደድኸኝ ግደለው!» ብላ ትጮኻለች።
ጭብጨባ። መጋረጃ። እንዲህ ነው የተጻፈው፣
በቀይ እስክሪብቶ ካድሬው የከበበው።

ሰይፉ ከሻይ ሳጥን፣ ከጅቡቲ እንጨት፤
የፉርጎ ቀለም ቀባነው፣ ብር እንዲመስል በሌሊት።

አስካለ በለገሃር መስኮት ቲኬት ትቆርጣለች፤
ድሃ ካየች የትናንቱን ለዛሬ ትበሳለች።
ኅሩይን፣ ታናሽዋን፣ ዳቦ በእጁ እንደ ያዘ፣
ከከዚራ ዛፍ ሥር ጂፕ ጭኖት ተጓዘ።
ስሙን ማን ያነሣል? እሷም ቻል አደረገች፤
ልምምድ ላይ እንደ ወትሮዋ «ግደለው!» አለች።

ያን ማታ በአዳራሹ ሰዎች ተደራረቡ፤
ፊት ወንበር ላይ ካድሬው፣ ሽጉጡ በወገቡ።
ሰይፉን አነሣችው። የታሰረውን አየች።
የኅሩይ እኩያ ነው፣ የሠፈር ልጅ።
ዝም አለች።

ጣቴ መስመሩ ላይ ነው። ሹክ አልኩ፦ «ከወደድኸኝ...»
ዝም።
ደግሜ፦ «ከወደድኸኝ ግደለው።»
ከሐዲዱ ወዲያ የአንድ ፉርጎ ፍሬን ነው የመለሰው።
ሦስተኛ ሹክ ስላት ዞር ብላ አየችኝ፤
የተናገረችው ለሕዝቡ ሳይሆን ለእኔ መሰለኝ፦

«በዚያ በአትክልቱ ሌሊት፣ ሳይታሰር እጁ፣
የጌታ የመጨረሻ ሥራው ምን ነበር? የወዳጁ
ሰይፍ የቆረጠውን የጠላቱን ጆሮ
በጣቶቹ ዳስሶ መመለስ፣ እንደ ድሮ።
ጴጥሮስም ስለ ወደደ ነው ሰይፉን የመዘዘው፤
ፍቅሩን አልነቀፈም፤ ሰይፉን መልስ ብሎ አዘዘው።»

ሰይፉን ከወለሉ፣ ከእግሯ ሥር አኖረች፤
የልጁን ገመድ ልትፈታ በርከክ አለች።
ቋጠሮው የትያትር ነው፣ አንድ ጫፍ ቢስቡት የሚላላ፤
ጣቶቿ ግን ተንቀጥቅጠው ብዙ ታገለች በሱ ላይ፣
እኛም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን፣
የእውነት እስረኛ የሚፈታ ይመስል።
ከኋላ አንድ የፍሬን ሠራተኛ አጨበጨበ፤
አንዴ ብቻ። ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ እጁን ሰበሰበ።

በማግስቱ ቀበሌ፣ ፋኖስ ፊቴ አስቀምጠው፣
«ይህን ሹክ ያልካት አንተ ነህ?» አሉኝ።
«እኔ ያልኩት የተጻፈውን ነው።»
«ሴትዮዋን ታውቃታለህ?»
አሥራ አንድ ወር አብረን ሠርተናል፤ የሻይዋን ስኳር ቁጥር አውቃለሁ።
«አላውቃትም» አልኩ።
ዶሮ አልጮኸም። የጮኸው የሌሊቱ ባቡር ነው፤
እስከ ዛሬም ሲጮኽ ይሰማኛል፣
ሐዲዱን ዝገት በልቶት፣ ባቡሩ ቆሞ እንኳ።

አስካለን፣ አንዱ «በጭነት ፉርጎ ድንበር ተሻገረች» ይለኛል፤
አንዱ ደቻቱን አሸዋውን ያያል፣ ዝም ይላል።

እኔ ፍቅር ማለት ቃል አለመሳት ይመስለኝ ነበር።
ቃሉን የሳተችው እሷ፣ ያልሳትኩት እኔ፤
ታዲያ ማን ነበር ያስታወሰ? ማን ነበር የዘነጋ፣ ወገኔ?

ካድሬው ታስሮ ተፈታ። አርጅቷል። ነጠላው ንጹሕ ነው።
በሚካኤል ቅጥር፣ ከወይራው ሥር፣ ጎኔ ነው የሚቆመው።
ቀኝ ጆሮው አይሰማም፤ ወንጌል ሲነበብ ይጠጋኛል፤
«ምን አለ? ምን አለ ካህኑ?» ይለኛል።
እኔም በልማዴ ጎንበስ ብዬ ሹክ እለዋለሁ፣
ቃል በቃል፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።
ያን አንድ ቃል ብቻ፣ የእርሷን፣ እስካሁን አላልኩትም፤
በየእሑዱ አፌ ድረስ ይመጣል፣
ጆሮው ደግሞ እዚያው ነው፣ ቅርብ፣ ሞቃት፣
ይጠብቃል።